ፓስፖርት የማትጠይቀው ደሴት

በሲያትል ለሚታተም የአማርኛ ጋዜጣ እጽፋለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የፍርድ ቤት፣ የቤት ኪራይና የሐዘን ዜና ነው። ባለፈው ጥር አዘጋጁ አንባቢው በችግር ወሬ ተሰላችቷል አለኝና ስለ ሽርሽር አንድ ገጽ እንድሠራ ጠየቀኝ። የመረጥናት በካሪቢያን ባሕር ያለች፣ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር የምትተዳደር ትንሽ ደሴት ናት።

ደሴቲቱን አላየኋትም። ከስምንት ዓመት በፊት ጥገኝነት ጠይቄ እስካሁን ለቃለ መጠይቅ አልተጠራሁም፤ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሴን የሚያረጋግጥልኝ ስለሌለ ጉዞን ጨርሶ ትቻለሁ። ስለዚህ እንደ ልማዴ ስልክ አነሳሁ። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሰው ካላረጋገጠልኝ አልጽፍም፤ አንድ የጀልባ ነጂና አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አገኘሁ። የባሕር ኤሊዎችን ለማየት ነፋሱ ሳይነሳ፣ በጠዋት መዋኘት ይሻላል አሉኝ። ግድግዳው ቢጫ የተቀባ አሮጌ ምሽግ አለ። ሸንኮራ ይጨመቅባቸው የነበሩ የድንጋይ ማማዎች አሉ። ሲመሽ መቅዘፊያ ሲነካው የሚያበራ የባሕር ወሽመጥም አለ። ዝርዝሩን ጻፍኩና ከሁሉም በላይ «ወደዚህች ደሴት ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልግም» የሚል መስመር አኖርኩ። ይህንንም ሁለቱም አረጋግጠውልኝ ነበር።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ ላይ ጎረቤቴን አገኘኋት። የምትኖረው ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች እስከ መሳፈሪያው በር ታደርሳለች። ገጹን ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች።

«ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ እንዴ?» አለችኝ።

አልችልም አልኳት።

«ታዲያ ኤሊዎቹን ከዳር ሆነው ጠርተው ነው ያዩዋቸው?»

በስልክ እንደጠየቅኩ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «ሶ፣ እኔ ልቀድምዎት ነው» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ቲኬት ቡክ አድርጋለች፤ በረራው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። አሜሪካ ከገባች አምስት ዓመቷ ሲሆን እረፍት ስትወስድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የእሷም ጉዳይ እንደ እኔው በእንጥልጥል ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠበቃችን አንድ ነው። ጠበቃውን ጠይቃ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለምን እጠይቀዋለሁ? ፓስፖርት አያስፈልግም ብለው ጽፈው የለ?»

ባቡሯ መጣና ተሳፈረች። እኔ ወደ ቤት ተመልሼ የሆቴሏ ሴት ዘንድ ደወልኩ። መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሰው ሲመለስስ? ከደሴቲቱ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በኢሚግሬሽን ሠራተኞች ፊት ያልፋል አለችኝ። ዜጋ የመንጃ ፈቃዱን ካሳየ ይበቃዋል። ዜጋ ያልሆነው ምን እንደሚሆን ማወቅ አስፈልጓት አያውቅም። የጀልባው ሰውም እዚያው የተወለደ ነው። ሁለቱም እውነቱን ነግረውኛል። እውነትነቱ ለማን እንደሆነ ግን እኔ አልጠየቅኩም፤ ያውም በዚህ ከተማ ላሉ አንባቢዎች እየጻፍኩ፣ ራሴም ከእነሱ አንዱ ሆኜ።

ጠበቃው ቃሉን አላበዛም። ትቅር አለ። በመመለሻዋ የኢሚግሬሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሊይዟት ይችላሉ፤ አይዟትም ብሎ ሊምል አይችልም።

ማምሻውን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አልጋዋ ላይ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነቀለለት ሰማያዊ የዋና ልብስ ተዘርግቷል። ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ የዋና ልብሱን ጥግ ይዛ ማጠፍ ጀመረች።

«ደሴቲቱ የእነሱ አይደለችም?»

«የእነሱ ናት።»

«ታዲያ ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ ስመጣ ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። እርስዎ ምን ያድርጉ አለችኝ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲመለስ ሊያዝ እንደሚችል የሚገልጽ እርማት ጻፍኩ፤ አዘጋጁ አልወደደውም። በሽርሽር ገጽ ላይ የሕግ ማስጠንቀቂያ ሰው ይደብረዋል አለ። ስምና ዕድሜ ተሳስቼ ብዙ ጊዜ እርማት ጽፌያለሁ፤ አንድም ሐሰት ያልጻፍኩበትን ገጽ ሳርም ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት መስመር ሆነ። የፓስፖርቱ መስመር በነበረበት ቦታ፣ ከዝርዝሩ በላይ እንዲወጣ ጠየቅኩና ወጣ።

እሷ እረፍቷን ሰርዛ ሥራ ገባች። ልትበርበት በነበረው ሳምንት በምሳ ሰዓቷ ከአየር ማረፊያው ኮል አደረገችልኝ። አንዲት አሮጊት ስትገፋ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቃቸው፣ ወደዚያችው ደሴት የሚሄዱ ሆነው አገኘቻቸው። ከነፋሱ በፊት በጠዋት ወደ ኤሊዎቹ እንዲሄዱ፣ ምሽጉ ቢጫ እንደሆነ፣ ውሃው መቅዘፊያ ሲነካው እንደሚያበራ ነግራቸዋለች።

«‹መቼ ሄደሽ ነው?› አሉኝ» አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ፣ መሳፈሪያው በር ደረስን። እኔ እዚያ ነው የምቆመው።»