ለነገ የተባለ ፊት

ሰልዊንን በአውስትራሊያ በረሃ ከአሊስ ስፕሪንግስ እስከ ቴናንት ክሪክ የማያውቀው የለም። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አበባ የተጠለፈበትን ሸሚዙን ለብሶ ጊታሩን ሲያነሳ አሮጊት ሳይቀር ይቁነጠነጣል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። በካናቴራና በቁምጣ በረንዳው ላይ ባለችው የሽቦ አልጋ ተዘርሮ ውሾቹን ሲሳደብ ይውላል።

የእህቱ የሚርትል ልጅ ኮራሊ ልትስለው የፈለገችው እንዲህ እንዳለ ነው። በመንደሩ የስዕል ቤት ሌላው ሁሉ የሚስለው የአያቶቹን አገርና የውሃ ጉድጓዱን ነው። ካናቴራ የለበሰ ሰው የሳለ የለም።

"በባርኔጣዬ ሳዪኝ እንጂ!" አላት።

"ባርኔጣህንማ ማን ያጣዋል አጎቴ? ቦርጭህን ነው ያላዩት።"

"እሱን የሚችል ሸራ አለሽ?"

ሚርትል ሻይዋን ይዛ ከልቧ ሳቀች። ኮራሊ ወደ ፊቱ ልታልፍ ስትል ግን ሳቋ ቆመ። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ እጥበት ባመለጠው ቁጥር ፊቱ ያብጣል፣ ዓይኖቹ እብጠቱ ውስጥ ይጠፋሉ። ማሽኑ ያለው ከተማ ነው። ሰውየው ደግሞ ከተማ መቀመጥ አልሆነለትም፤ በተገኘው መኪና ተሳፍሮ ቤቱ ከች ይላል። "እዚያ ታጥቤ ከምሰነብት እዚህ ቆሽሼ ልሙት" ይልና ይስቃል። እህቱ አትስቅም።

"ፊቱን ለጊዜው ተይው" አለቻት ልጇን። "እብጠቱ ሲጎድል ትስይዋለሽ።"

"እማ፣ ሰውየው እኮ እዚሁ ተቀምጧል!"

"ወንድሜን እንደ ኳስ ተነፍቶ ለአገር አታሳይውም! ቆንጆ ሰው ነው፤ እንደ መልኩ ይሳል።"

ታላቅ እህት ናትና ማን ይከራከራታል? ኮራሊ ሌላውን ሳለች። የተሰነጣጠቀ ተረከዙን፣ አንድ ክር የጎደለውን ጊታር፣ አልጋው ስር የተኛችውን እከካም ውሻ ሁሉ ቁልጭ አድርጋ አወጣችው። ብሩሿ ወደ ፊቱ በተጠጋ ቁጥር ሚርትል "ነገ" ትላለች። የሰው ነገር! የምንወደውን ሰው እንኳ አሳምረን ካልሆነ አናይም።

አንድ ቀን ማለዳ ትንፋሽ አጠረው። የክሊኒኩ አውሮፕላን መጥቶ ወሰደው፤ ከሆስፒታልም በሕይወት አልተመለሰም። በአገሩ ወግ ሐዘን እስኪወጣ የሟች ስም አይጠራም፣ መልኩ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ እንግዲህ ስሙን እኔም ከዚህ በኋላ አልጠራም።

ለቀስተኛው ግንባሩን ነጭ አፈር ተቀብቶ እየጮኸ መጣ። ፎቶዎቹ ከየግድግዳው ወርደው ተቆለፈባቸው። የመንደሩ ሬዲዮ ዘፈኖቹን አቆመ። በስሙ የተሰየመው የወንድሙ ልጅ እንኳ ስሙ ተቀይሮ "ረጅሙ" ተባለ።

ኮራሊ ሸራውን ይዛ እናቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እማ፣ መልኩ ገና እጄ ላይ አለ። ልጨርሰው። ማንም ሳያየው እሸፍነዋለሁ።"

"የሟች ፊት አሁን አይሳልም።"

"ሐዘኑ እስኪወጣ ዓመታት ነው። እስከዚያ እኮ ይጠፋብኛል!"

ያን ፊት ከማንም በላይ የምትፈልገው ሚርትል ነበረች። ግን ለሌላው ቤት ሐዘን "አውርዱ፣ ሸፍኑ" ስትል የኖረች ሴት ለራሷ ሲሆን ምን ትበል?

"አይሆንም አልኩሽ" አለችና ብሩሹን ከልጇ እጅ ወሰደች።

ስዕሉ ግን አልተቆለፈበትም። ሽማግሌዎቹ አዩትና ፊት የለበትም ብለው ተዉት። ሟቹን የሚመስል ነገር በጠፋበት ቤት ስዕሉ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ከለቅሶው በኋላ አዲሷ ነርስ የሚርትልን ግፊት ልትለካ መጣች። የአገሩን ወግ ገና አልለመደችም። ስዕሉን ቀና ብላ አየችው።

"ይሄ ማነው?"

ሚርትል ስሙን ልትጠራ አትችልም።

"ወንድሜ ነው።"

"ታዲያ ሰዓሊው ፊቱን ምነው ሳይጨርሰው ቀረ?"

"ልጄማ ልትጨርሰው ነበር" አለች ሚርትል። "እኔ ነኝ አያምርም ያልኩት።"