ጋቢ የለበሰው በርጩማ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ቡሬ ገበያ ላይ እየተወኑ ያስቁን ነበር። እሳቸውና ወዳጃቸው፣ ጨው ነጋዴው ጋሽ ሰይድ፣ አንድ ዳቦ ይዘው ጀምበር እስክትጠልቅ የሚጠብቁ አንድ ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ጾመኞች ይሆናሉ። ጋሽ ሰይድ የጋሽ ደምሴን ጋቢ ለብሰው ክርስቲያኑን ይሆናሉ፤ ጋሽ ደምሴ የጋሽ ሰይድን ቆብ ደፍተው ሙስሊሙን ይሆናሉ። «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ሁለቱም ሳይበሉ ይነጋል።

ጋሽ ሰይድ ከሞቱ በኋላ ጋሽ ደምሴ ቆቡን ደፍተው ብቻቸውን ወጡ። ጋቢያቸውን ለባዶ በርጩማ አልብሰው «አንተ ቅደም» አሉት። መልሱን ጠበቁ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

«እኔን የሚሆነው እሱ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን እኔን ማን ይሁን?»

ይህም ጨዋታ መስሎት ሰው ይበልጥ ሳቀ።

መናኸሪያው ላይ የሸተተኝን ዳቦ ገዝቼ ነበር። መብላት አቃተኝ።