የጸሎት ርዕስ ሆኖ መኖር

ወንድሜ በእግዚአብሔር አያምንም። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ራሱ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲናገረው የኖረ ነገር ነው። እኔም አላምንም። ልዩነታችን፣ እኔ ካላመንኩ አይቀር ብዬ እሑድን ቤቴ ቁጭ ስል፣ እሱ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከአማኞቹ ሁሉ ቀድሞ ጸሎት ቤቱ በር ላይ መገተሩ ነው። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዓይናችሁን ጨፍኑ ሲባል ጨፍኖ ስለ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ያስባል። ሲያልቅ ግን እንደሱ ደስ ብሎት የሰው እጅ የሚጨብጥ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቃል መግለጽ እችል ነበር፤ የእናቴ ልጅ ስለሆነ ብቻ ትቼዋለሁ።

ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። ሰፈርተኛው “በረዶ” ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሱቁ ገብቶ ለመዞር የምትቸግር ጠባብ ክፍል ናት፤ ጀርባቸው የተከፈተ ፍሪጆች ደጇ ላይ ስለሚደረደሩ መንገደኛው ሁሉ እየተሳደበ ያልፋል። በሥራው ግን አይታማም። ጋዙ ያለቀውን “ጋዝ አልቋል” ይላል፤ የማይድነውን “ሞቷል፣ ጫማ አስቀምጪበት” ብሎ ይመልሳል። ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣለት ሆን ብሎ ትንሽ ብልሽት ትቶ የሚሸኝ ጠጋኝ ካጋጠመው የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይሰጠውም።

ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ወና ሆነበት። እኔ ያኔ ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ ስለነበር ዕቃዬን ጠቅልዬ እሱ ዘንድ ገባሁ። ልረዳው ነበር። ምን እንደረዳሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንነጋገረው ስንጣላ ብቻ ነው፤ ለመጣላት ደግሞ ሁለታችንም አርጅተናል። እራት እንበላለን፣ ሬዲዮው ያወራል። ከዚያ እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ፣ ሲደክመን እንተኛለን።

አንድ ቀን የጸሎት ቤቱ ወጥ ቤት ፍሪጅ ተበላሸና ጠሩት። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ እሱ ግን ሲመሽ ነው የመጣው፤ ፊቱ በርቷል።

“የት ጠፋህ?” አልኩት።

“ሻይ ሰጡኝ። ቁጭ በል አሉኝ። ስሜን ጠየቁኝ።”

“ደንበኛ ሁሉ ስምህን ይጠይቅህ የለ?”

“አይ እትዬ፣ እነዚህ ከጠየቁ በኋላ አልረሱትም።”

ከዚያ በኋላ እሑድን ማን ያስቀረው! እነሱም እንዲህ ያለ ሲሳይ ከየት ያገኛሉ? አማኝ በአማኝ ላይ ተከምሮ ሲሰለቻቸው፣ በገዛ እግሩ የመጣ ከሃዲ አገኙ። “የጸሎት ርዕስ” የሚሉት ነገር አላቸው። ሲሰበሰቡ የሚጸለይለትን ሰው አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ከትዳሩ የተጣላ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ያላመነ። ወንድሜ የመጨረሻው ክፍል ባለቤት ሆነ። “ዛሬም አነሡኝ እኮ!” ይለኛል እየተፍነከነከ፣ በሬዲዮ ስሙ እንደተጠራ ሰው። ያላመነ ተብሎ መነሣት የሚያኮራ ነገር መሆኑን ከእሱ ነው የተማርኩት።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የጉብኝት ቡድን የሚባል ላኩበት። ሦስት ናቸው፤ ዳቦ ታቅፈው ይመጣሉ። አለቃቸው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት ግዙፍ ሴት ናት፤ በር ስታንኳኳ ያልከፈሉት ዕዳ ያለባቸው ይመስል ጎረቤቶች ሁሉ ይደነግጣሉ። “ሻለቃዋ” ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ድምፁ የማይሰማ ፋርማሲስት ነው፤ ኪሱ በራሪ ጽሑፍ ተሞልቷል። ሦስተኛው ከመዘምራኑ የተወሰደ ቀጭን ሰው ሲሆን ሥራው ማልቀስ ብቻ ነው። ሻለቃዋ ትናገራለች፣ ፋርማሲስቱ ጥቅስ ያቀብላል፣ ቀጭኑ ያለቅሳል። ተደራጅተው ነበር የመጡት።

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በሩን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። መስማት አልፈልግም ነበር፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

“ወንድማችን፣” ይላል ፋርማሲስቱ፣ “ፍሪጅ ራሱን ሠርቶ አያውቅም፤ ሠሪ አለው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓለም ያለ ሠሪ ነው?”

“ሠሪውን አምጣልኝና ስለ ዋስትናው ልጠይቀው። ስንት ብልሽት አለ መሰለህ!”

ይስቃሉ። ቀጭኑ እንኳ ለቅሶውን አቋርጦ ይስቃል። ወንድሜ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሲንፈላሰስ ማየት ያሳፍር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ይላጫል። ሙዝ ይገዛል። ወንበሮቹን ከየክፍሉ ሰብስቦ ክብ ይሠራል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ይህ አይደለም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ ልክ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይቺ የዛሬዋ ነገር ግን ልቤን ነካ አድርጋዋለች” ይላል። ሻለቃዋ ዓይኗ ይበራል። በሚቀጥለው ሐሙስ ገና በጊዜ ይደርሳሉ።

“አንተ፣” አልኩት አንድ ቀን፣ “ትንሽ ብልሽት እየተውክ ነው የምትሸኛቸው።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ምን አገባሽ!” ብሎ ጮኸብኝ። የነካሁት ቦታ ትክክል እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ይህ ነገር ሦስት ዓመት ያህል ሄደ። ከዚያ ጸሎት ቤቱ አዲስ መጋቢ አመጣ፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ “ፍሬ” የምትለዋን ቃል የሚወድ ወጣት። ፍሬ የት አለ? ምን ያህል ፍሬ? ነፍስን እንደ ብርቱካን የሚያይ ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ሻለቃዋ አንገቷን ደፍታ መጣች። መጋቢው “በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ጊዜ ይጠፋል ወይ? ካልሆነ ለጌታ ተዉትና ሌላ ቤት ሂዱ” ብሏታል። ሙዙን ሳይነኩት ሄዱ።

ያን ማታ ወንድሜ እራቱን አልበላም።

“እትዬ፣ እሑድ እጄን ላነሣ ነው።”

“ለምኑ?”

“‘ጌታን የሚቀበል’ ሲባል።”

“አመንክ እንዴ?”

“አላመንኩም።”

“ታዲያ?”

“ሐሙስ ሊቀር ነው እኮ!”

“ለዳቦና ለሙዝ ብለህ እግዜርን ትዋሻለህ?”

“ሙዙን የምገዛው እኔ ነኝ፣” አለኝ፤ “ደግሞ የለም ካልን ማንን ነው የምዋሸው?”

ንቀቴ ጨመረ። ለከሃዲነት እንኳ የማይሆን ሰው! የማያምን ሰው ቢያንስ ቆፍጠን ይላል ብዬ አስብ ነበር።

እጁን አነሣ። ጭብጨባው ቀለጠ አሉ። ወደ ቤት ሲመጣ የሸሚዙ ትከሻ በሰው እንባ ረጥቦ ነበር፤ ቀጭኑ በመጨረሻ እውነተኛ ሥራ አግኝቷል። ወንድሜ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር አመሸ። “አሁን እኮ ቤተሰብ ነን፤ ከእንግዲህ የሚያስቀር ነገር የለም” ይላል።

ሐሙስ ደረሰ። ተላጨ፣ ወንበሮቹን ደረደረ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ሻለቃዋ ዘንድ ሲደውል በደስታ ጮኻ አነሣች፤ እኔ ማዶ ቁጭ ብዬ ይሰማኛል። “እርስዎማ አሁን የኛ ነዎት! እሑድ እንገናኝ የለ? ገና ያልዳኑ ስንት አሉ መሰለዎት!”

በሦስተኛው ሐሙስ ከመስኮቱ አየናቸው። ዳቦውን ታቅፈው በደጃችን አልፈው፣ ማዶ ያለው ሰካራም ልብስ ሰፊ ቤት ገቡ። ሻለቃዋ ስታየን በሰፊው እጇን አወዛወዘች። ወንድሜም አወዛወዘ። እሷ ከገባች በኋላ እንኳ እጁን አላወረደም ነበር።

“እኔም ከቡድኑ ጋር ልሂድ፣ ልጠይቅ” ብሎ ለመናቸው። አዲስ አማኝ ስለሆነ መጀመሪያ ትምህርት ይጨርስ አሉት። ሽበቱን ይዞ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጦ ጥቅስ በቃሉ እንዲያጠና አደረጉት። እሑድ “ወንድማችን” ብለው ትከሻውን መታ ያደርጉና አዲስ ወደመጣው ሰው ይሮጣሉ። “ሳላምን ወንበር ይስቡልኝ ነበር፣” አለኝ አንድ ቀን፣ “ካመንኩ ወዲህ ወንበር የምደረድረው እኔ ነኝ።”

ልስቅበት ይገባ ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬው! ግን ተናደድኩ፤ በእሱም በእነሱም። የዳነ ሰው አይርበውም፣ አይከፋውም፣ ቤቱ ጭር አይልበትም ያላቸው ማነው? ሰውን ለማግኘት እንደዚያ ደጅ ጠንተው፣ ሲያገኙት እንደ አሮጌ ካልሲ ጥለውት ይሄዳሉ። ያ ሁሉ እንባ፣ ያ ሁሉ ዳቦ ለወንድሜ ሳይሆን ላለማመኑ ኖሯል! እሱ መላጨት ተወ። ፍሪጆቹ ደጁ ላይ ከረሙ። ማታ እንደገና ሬዲዮው ያወራል፣ እሱ ግድግዳውን ያያል። እኔ ደግሞ፣ መናገሩ ቢያስጠላኝም፣ ሐሙስ ሲሆን ጆሮዬ ከበሩ አይነቀልም ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ ንቀት ቅንጣት አልቀነሰም። የምንቃቸው ሰዎች ግን ከቤቴ ጠፉብኝ።

እንዲህ ሆነን ከርመን አንድ እሑድ እያፏጨ መጣ። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቀው “ምንም” አለ። ረቡዕ ዕለት ሙዝ ገዛ። ሐሙስ ጠዋት ተላጨ። በቃ፣ ወንድሜን አእምሮው ከዳው ብዬ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ሳየው በሩ ተደበደበ። ያን አደባደብ የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ከፈትኩ። ሦስቱም ቆመዋል።

“ጤና ይስጥልኝ እትዬ!” አለች ሻለቃዋ።

“እሱ ውስጥ ነው፣” አልኳት። “በስንት ጊዜሽ ትዝ አለሽ?”

“አይ፣ ዛሬ የመጣነው ለእርስዎ ነው።”

ቀጭኑ ገና ደጅ ላይ እንዳለ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በማይሰማ ድምፁ አብራራልኝ። እሑድ የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል ወንድሜ ተነሥቶ ስለ እኔ ለምኗል። “እህት አለችኝ። ልቧ ድንጋይ ነው፣ ሰው ጤፉ ናት፣ የእግዜርን ስም ስትሰማ ትስቃለች። እኔ አልቻልኳትም፤ እባካችሁ ድረሱላት” ብሎ። ሕዝቡ ተነክቷል። መጋቢው ራሱ “አሜን” ብሏል።

ዞር አልኩ። ወንድሜ የሳሎኑ በር ላይ ወንበር ታቅፎ ቆሟል። የገዛ እህቱን ሸጦ፣ ተላጭቶ፣ ቆሟል!

ደሜ ፈላ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። “ሞኝሽን ፈልጊ” ብዬ በሩን ፊታቸው ላይ መጠርቀም እችላለሁ። ወይም ደግሞ እዚያው ቆሜ “አምኛለሁ” ማለት፤ ከዚያ ወዲያ እግራቸው ደጄን እንደማይረግጥ አይቻለሁ። ሁለቱም ከእነዚህ ሰዎች ይገላግሉኝ ነበር። ወንድሜም ይህን ያውቃል። ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም። ሐኪም ስለ ሚስቱ ሊነግረው ሲወጣ ጊዜ ነው እንዲህ ሆኖ ያየሁት።

“ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?” አለች ሻለቃዋ ድንገት። “ደረጃ መውጣት ያስቸግራታል ሲለን ነበር።”

ይህን ጉልበቴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተራ ጥያቄ ነው፣ ሴትዮዋ ለሁሉም የምታቀርበው ነው፣ ነገ ሌላ ቤት ሄዳ የሌላዋን ጉልበት ትጠይቃለች፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

ኮስተር ብዬ አየኋት። “አስቀድሜ ልንገርሽ፣” አልኳት። “እኔ እንደሱ የምበገር አይደለሁም። ይቺ በአንድ በሁለት ሐሙስ የምታልቅ ሥራ እንዳትመስልሽ። ለመጋቢያችሁም ንገሩት፤ ስንት ዓመት እንደምትፈጅ እኔም አላውቀውም።”

“ጊዜ አለን፣” አለች ሻለቃዋ፣ ጫማዋን ምንጣፉ ላይ እየጠረገች።

ወንድሜ የታቀፈውን ወንበር ለእኔ አስቀመጠልኝና ሌላ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሮጠ።