የጋሽ ላርስ ቦርሳ

ትናንት የልጅ ልጄ ቤቲ ከሐኪም ስትመልሰኝ መንገዱ ተዘጋግቶ ባላርድ በሚባለው የወደብ ሰፈር በኩል ዞረች። ውሃው ዳር መስታወት በመስታወት የሆነ አፓርትመንት አየሁና፣ "እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ" አልኳት።

"ዋይ? ለምን፣ እማማ?"

"ወጣትነቴን የጠረግኩት እዚህ ነው።"

ኦኬ፣ ጻፊ ቤቲ ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺ እንዳለ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቦታው የመርከብ ፋብሪካ ነበር፤ የዓሣ አጥማጅ መርከብ ይሠራሉ፣ ሞተሩንም እዚያው። እኔ ፅዳት ነኝ። ስገባ ሥራው ጥጋብ ነው! አዲስ መርከብ ውሃ ሲገባ ሁሉም ይወጣል፣ እኔም መወልወያዬን ይዤ እልል እላለሁ፤ ፈረንጆቹ ይስቃሉ። የምጠርገው የብረት ፍቅፋቂ በቀን ሁለት በርሜል ይሞላ ነበር። አንድ በርሜል ሆነ። ከዚያ ባልዲ። በመጨረሻ ማፈሻዬን እንኳ አልሞላ አለ። ሶ ማንም ሳይነግረኝ ነገሩ እየሞተ እንደሆነ ገባኝ።

አለቆቹ ሰበሰቡንና "ዕቃ እየተሰረቀ ነው" አሉ። ቁልፍ የያዝኩ እኔ፣ ጥቁሯ እኔ፣ አዲሷ እኔ። ማን ሊጠረጠር ነው?

ጋሽ ላርስ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ ጋሽ ያልኩት እኔው ነኝ። የሞተሩን ዕቃ መጀመሪያ በእንጨት የሚቀርጸው እሱ ነው፤ ብረቱ ቀልጦ በዚያ ልክ ይፈሳል። ሥሩን ስጠርግ እግሩን አንስቶ "ሰላም" ይለኛል፣ ያስተማርኩትን። ታዲያ ቦርሳው ጠዋት ቀሎ ይገባል፣ ሲወጣ ትከሻውን ያጎብጠዋል።

ሥራ ላስገባችኝ ለአልማዝ ነገርኳት።

"አንቺን ምን አገባሽ? ሰውዬው እኮ ቡና ሲገዛ ላንቺም ሳይገዛ አይገባም!"

"እሱም አጠራጥሮኛል።"

ለአለቃው በጣቴ ጠቆምኩ። በሩ ላይ ቦርሳውን ከፈቱት። እንጨት! እሱ የቀረጻቸው ቅርጾች ብቻ። ለካ ሞተር መሥራት ትተው ኖሯል፤ እንጨቱ ይቃጠል ተብሎ፣ እሱ ዕድሜውን ከእሳት እያወጣ ነው። ቢሆንም አባረሩት። ለመጨረሻ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን ሲሰበስብ እኔ መጥረጊያ ይዤ ደረስኩ። አየኝ። እግሩን አነሳልኝ፤ ሰላም ግን አላለኝም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተዘጋ፣ ሁላችንም ተበተንን። ቦታውን ቀድመው ሸጠውት ነበር አሉ። ታዲያ "ሌባ አለ" ያሉን ምን ሊደብቁ ነው? እስከ ዛሬ እጠረጥራቸዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ራሴን። ሌባ መስሎኝ ነው የጠቆምኩት ወይስ ከኔ እሱ ይሁን ብዬ?

"ቤቲ፣ የጠቆምኩት እኔ ነኝ ያልኩትን ጻፍሽው?"

"የስ፣ እማማ።"

"የቱ ጋ? በጣትሽ አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ መስመሩ ግን አጭር መሰለኝ። ደግመሽ ጻፊው አልኳት።