እናቴ ከአውቶቡስ ያልወረደችበት ጠዋት

ጎንደር ያለችው እህቴ ሴት ልጅ መገላገሏን የሰማነው በስልክ ነው። ለእናቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ናት። ሰሊጥ እያበጠረች ስለነበር ሰፌዱን እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ከተማችን ገንዳ ውሃ መጥቼ ነበርና አብሬያት ጮህኩ።

«ነገ በጠዋት እንሄዳለን!» አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ደረቷን ጭንቅ ይላታል። አምና እኔን ልታደርስ ተሳፍራ፣ ገና ሳንነሳ ወርዳ ቀርታለች።

እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ! በሥነ ልቦና ትምህርት ስለ ጭንቀት ተምረን፣ «አራት ቆጥሮ አየር መሳብ፣ ስድስት ቆጥሮ ማውጣት» ብዬ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌያለሁ።

ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት። አበጥራ ያልጨረሰችውን ሰሊጥ በፌስታል ታቅፋለች። ስለ ልጅ ልጇ ያልነገረችው ተሳፋሪ የለም። በሩ ተዘጋ። እጄን ጨመቀችው።

«እማዬ፣ ሳቢ። አንድ፣ ሁለት...»

«ተይኝ! ቁጥሩን ስጠብቅ ጭራሽ ትንፋሼ ጠፋ!» ብላ ተነሳች። «አውርዱኝ!»

ሾፌሩ በመስታወት አየን። «እናቴ፣ ቶሎ ይወስኑ፤ ልጅቱ ጥርስ አብቅላ እንዳትጠብቅዎ!»

ሰው ሳቀ። እኔ ላለቅስ ደረስኩ። ያኔ ፌስታሉን አየሁት። ትናንት ሰፌዱ ላይ ገለባውን እፍ ስትል ትንፋሿ እንዴት ረጅም እንደነበር ትዝ አለኝ። ከሰሊጡ ዘግኜ መዳፏ ላይ አደረግሁ።

«ገለባውን ለአራሷ ልንወስድላት ነው?» አልኳት።

«አጣድፈሽኝ እኮ ነው!» ብላ ተቆጥታ ተቀመጠች። አየር ሳበች። ፍሬው እንዳይበተን ቀስ አድርጋ፣ ረዘም አድርጋ እፍ አለች። ገለባው ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አንገት ላይ አረፈ።

«ኧረ እመቤት፣ አንገቴን አውድማ አደረጉት!»

«ይቅርታ አባባ፣ የአራስ ነው።»

«የአራስ ከሆነማ ይንፉ!» ብለው ንጹሁን እንድትጨምርበት ኮፍያቸውን ዘረጉላት።

ሌላ እፍኝ፣ ከዚያም ሌላ። ትከሻዋ ረገበ። ቀና ብላ በመስኮት ስታይ የማሽላው ማሳ ወደ ኋላ እየሮጠ ነው።

«መቼ ተነሳን?» አለችኝ።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «አንድ፣ ሁለት...» እያልኩ አየር እስባለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት መዳፌን ዘርግታ ሰሊጥ ሞላችበት።

«አንቺም ንፊ፤ ቁጥሩን ተይው።»