የአባዬን ባትሪ ማን ይጠጣዋል?

ልጅነቴን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው «ግፉ!» የሚል ድምፅ ነው። አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበት ግቢ ነበር የምንኖረው። አባዬ ባለታክሲ ነበር፤ ታክሲዋም ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሰማያዊና ነጭ፣ በሯ በኃይል ካልተወረወረ የማይዘጋ አሮጊት። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር «ጥር... ጥር...» ትልና ዝም። አባዬ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲያ መጣራት አያስፈልገውም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይወጣሉ፣ እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትመጣለች፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሚኪ በዩኒፎርማችን እንከተላለን። ግቢው ከበሩ ወደ ቤቶቹ ቁልቁለት ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ሽቅብ፣ እስከ በሩ መግፋት ነው፤ ከዚያ መንገዱ ላይ አዙሮ ቁልቁል መልቀቅ። ሞተሩ ሲነሳ የሚወጣውን የቤንዚን ሽታ እስካሁን እወደዋለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ!

መጀመሪያ ሰሞን ለእኛ ለልጆቹ ጨዋታ ነበር፤ ትምህርት ቤት ደርሰን «ዛሬም ገፋን» እያልን ጉራችንን እንነዛለን። ለአባዬ ግን ጨዋታ አልነበረም። ጠዋት በሰዓቱ ሥራ ቦታ የሚያደርሳቸው የኮንትራት ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሌላ ታክሲ ያዙ። አዲስ ባትሪ ገዛ፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ሆነ። ቀን ሙሉ ስትሠራ ውላ፣ ማታ በጤናዋ ገብታ፣ ጠዋት ባዶ! ጋሽ ሰይድ «ወላሂ ብርድ ነው፤ ባትሪም እንደ ሰው ይበርደዋል» ብለው ከኮት ገበር ቁርጥራጭ ልብስ ሰፉለት። ማዶ ያሉት እትዬ በላይነሽ ደግሞ «ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፤ አዲሱን ሲያስገባ ስንቱ አየው!» ብለው ከልደታ ማርያም ፀበል አምጥተው ረጩበት። ባትሪው ገበሩን እንደለበሰ ፀበል ሲረጭ ቆሜ አይቻለሁ። ጠዋት ያው ገፋን።

እኔ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን አባዬ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው የጋሽ ታደለ ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ታደለ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ያባዬ የልጅነት ጓደኛ። ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት ትንሽ አምፖል ከኪሳቸው አወጡና ከባትሪው አንዱን ሽቦ ፈትተው አምፖሏን መሃል አስገቧት። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። «አየሽ፣ ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ተዘግቷል፤ አሁን ተኝታለች። ተኝታ የምትጠጣ ከሆነ የምትጠጣው በዚች አምፖል በኩል ስለሚያልፍ አምፖሏ ትበራለች። ከበራች ፊውዞቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ የትኛው ሲነቀል ጠፋች? ሌባው እሱ ነው!» አሉኝ።

እስትንፋሴን ይዤ አየሁ። አምፖሏ አልበራችም። ነካ ነካ አደረጓት፣ አልበራችም። «ጤነኛ ናት፤ ምንም የምትጠጣው የለም» አሉ ጋሽ ታደለ ራሳቸውን እያከኩ። አባዬ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔም ሌባውን ሳላይ በመመለሴ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ማታ ማታ የባትሪውን ሽቦ እየፈታ ማሳደር ጀመረ። ይገርማችኋል፣ በነዚያ ቀናት ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ትነሳ ነበር! ግን ሽቦው በመፈታትና በመታሰር ብዛት አንገቱ ተሰነጠቀ፤ ጋሽ ታደለ ጠግነው «ሁለተኛ እንዳትነካው» አሉት። በማግስቱ መግፋታችን ቀጠለ። እንግዲህ ባትሪው ብቻውን ሲያድር ደህና ነው፣ ከታክሲዋ ጋር ሲያድር ግን ተጠጥቶ ያድራል። ጋራዥ ውስጥ የማትጠጣ መኪና ቤቷ ስትገባ ለምን ትጠጣለች? ይሄ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩን እንኳ አይለቀኝም ነበር።

ስትጠጣ እሰማት ይሆናል ብዬ ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፋችን ላይ ጆሮዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። መጠጋት አይቻልም። አባዬ እንደዚያ የዋህ ሰው ሆኖ፣ ታክሲዋን ካቆመ በኋላ አጠገቧ ስንደርስ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። «ወዲያ! ወዲያ በሉ ብያለሁ!» ይለናል፤ ከእኛ ይልቅ ታክሲዋን የሚወድ ይመስለኝና እቀየመው ነበር። በየማታው የሚያደርገውን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ያደርጋል፣ ወፍራሙን ሸራ ያለብሳታል፣ ከዚያ ሄደን እራት እንበላለን።

ታክሲዋ እንዳላበላችው ሲያይ አባዬ ቆረጠ። አንድ ባለ ተሳቢ በጅቡቲ መስመር ሊቀጥረው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ደላላው ቅዳሜ ገዢ ይዞ ሊመጣ ተቀጠረ። ጅቡቲ የሚሄድ ሾፌር ምን እንደሆነ የግቢያችን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የእትዬ በላይነሽ ባል በዚያ መስመር ነበርና ልጆቻቸው አባታቸውን የሚያዩት በእንግድነት ነው። አባዬ ግን ማታ ማታ ሚኪን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥፍሩን የሚቆርጥ፣ እኔን የቤት ሥራ የሚጠይቅ አባት ነበር። እማዬ ልብሱን ማጣጠፍ ስትጀምር ሳይ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እማዬ ግን ዝም ብላ እያጣጠፈች አልነበረም፣ እያሰበች ነበር። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ታደለን ራሷ ጠርታ አመጣቻቸው። «ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ ከሆነች የሚያማት እዚህ ነው፤ እዚሁ ይዩልኝ» አለቻቸው። ገና አልጨለመም። ጋሽ ታደለ አባዬን «በል፣ በየቀኑ እንደምታሳድራት አሳድራት፤ አንዲት ነገር እንዳትቀር» አሉት። አባዬ አቆማት፣ ቁልፉን ነቀለ፣ በሩን ወረወረው፣ ድንጋዩን አደረገ፣ ሸራውን አለበሰ። ጋሽ ታደለ ሸራውን ከፊት ገልጠው ኮፈኑን ከፈቱ፣ አምፖሏን አስገቡ። ግቢው በሙሉ ከበባቸው። አልበራችም።

«በቃ፣ ዕድሏ ነው» አለ አባዬ። ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

«አባዬ፣ በሩን ገና አንዴ ነው እኮ የዘጋኸው!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚጮኸው። ሸራውን ካለበስክ በኋላ አንዴ ደግሞ ይጮሃል» አልኩ። ያን ሁሉ ማታ ጆሮዬን አቁሜ የሰማሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አባዬ እማዬን አያት፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ሸራውን ከጎን ከፍ አድርጎ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ወጣና በሩን ወረወረው። አምፖሏ ቦግ!

«ያዝኳት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ታደለ። ፊውዞቹን መንቀል ጀመሩ፤ አንዱ፣ በራች፤ ሌላው፣ በራች፤ ሌላው፣ ድርግም! «የፍሬን መብራት ነው። ቆይ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ? ፍሬኑን የረገጠው ማነው?» በሩን ከፈቱት። ሰው የለም። የተቆረጠ የመጥረጊያ እጀታ ከወንበሩ እስከ ፍሬኑ ተወጥሮ ፔዳሉን ወደ ውስጥ ተጭኖታል።

«እሱማ እንጨት ነው» አለ አባዬ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «እንጨት ምን ኤሌትሪክ ይጠጣል?»

«እንጨቱ አይጠጣም አንተ ሰው! ፍሬን ተረግጦ ካደረ መብራቱም በርቶ ያድራል፤ ቁልፍ ብትነቅል ባትነቅል አይገደውም!» ጋሽ ታደለ ፊውዙንም ሽቦውንም ወደ ቦታቸው መልሰው ሸራውን ከኋላ ገለጡት። የቆርቆሮው በር በሙሉ ቀላ። ለካ ማታ ማታ ያ ወፍራም ሸራ ስር እንዲህ ቀልታ ኖሯል የምታድረው! ጋሽ ሰይድ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ፣ ሚኪ ዘለለ፣ እኔ ሌባውን በዓይኔ በማየቴ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

እማዬ አልሳቀችም። «እንጨቱን ለምን አስፈለገህ?» አለችው።

አባዬ ታክሲዋ ላይ ተደገፈ። ቀስ ብሎም ተናገረ። «ክረምት ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑ አልያዘም፤ ድንጋዩም በጭቃው ተንሸራተተ። ወርጄ በሩን ስዘጋ ዞር ብል ቁልቁል እየሄደች ነው። ሚኪ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሎ እግሩን ይታጠባል። መጣራት ሁላ አቃተኝ። የቧንቧው ግንብ ያዛት። ልጁ ዞር ብሎ እንኳን አላየም፤ መታጠቡን ቀጠለ።» እጁን ዘርግቶ በታክሲዋና በሚኪ መሃል የነበረውን ቦታ አሳየ፤ አንድ ክንድ አይሞላም። «ከዚያ ወዲህ እግሬ ፍሬኑ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እግሬን ትቼ መግባት አልችል፤ እንጨቱን አደረግሁ። አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እማዬ ሚኪን ጎትታ ራሱን፣ ጀርባውን፣ እግሩን ዳበሰችው፤ አሁን የተገጨ ይመስል። ከዚያ አባዬን ደረቱን በቡጢ መታችውና እዚያው ደረቱ ላይ ተንሰቀሰቀች። ጋሽ ታደለ አምፖላቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ለካ ያ «ወዲያ!» የሚለው ቁጣ ለታክሲዋ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ አባዬ ጎን ተለጥፌ ተኛሁ።

ቅዳሜ ደላላው ገዢውን ይዞ ሲመጣ ግቢያችን በሲሚንቶ አቧራ ታፍኗል። ጋሽ ሰይድና ጎረቤቶቹ ከታክሲዋ መቆሚያ ፊት፣ ከቧንቧው በላይ፣ ጉልበት የሚደርስ ግንብ እየሠሩ ነበር፤ ጋሽ ታደለ ደግሞ ታክሲዋ ስር ተኝተው የእጅ ፍሬኑን ይቀይራሉ። አባዬ እጁ ሲሚንቶ እንደነካው ለገዢው ክንዱን ሰጠውና «ይቅርታ ወንድሜ፣ አልሸጣትም» አለው። ተሳቢውን ሌላ ሰው ነዳው።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔም የራሴን መኪና እነዳለሁ። ባትሪዬ ሲወርድ ስልክ እደውላለሁ፤ አንድ የማላውቀው ልጅ ሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ ይመጣና አስነስቶልኝ ይሄዳል። ስሙንም አልጠይቀው፤ ጠዋት እጁ መኪናዬ ላይ የሚያርፍ ጎረቤት የለኝም፣ ይሄ አንዳንዴ ያሳዝነኛል። አባዬ አርጅቷል። ዓይኑ ስለደከመ መንዳት አቁሟል፤ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያም የማደርሰው እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጦ መቋሚያውን ጉልበቶቹ መሃል ያቆማል። ሜክሲኮ አካባቢ መንገዱ ሲጨናነቅ፣ ፊታችን ያለው ሚኒባስ ድንገት ሲቆም፣ የአባዬ ቀኝ እግር ወለሉን አጥብቆ ይረግጣል። እሱ ባለበት በኩል ፍሬን የለም። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «አያቴ፣ እዚያ ጋ እኮ ምንም የለም!» እያለች ትስቅበታለች። እሱም ይስቃል። እግሩን ግን መኪናዋ ፈጽማ እስክትቆም ድረስ አያነሳም።