አባቴ ያልነገረኝ ኑዛዜ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚህ ወልድያ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ሻይ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣና «ጋሼ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ልብ ወለድ መጻፍ ለክርስቲያን ውሸት አይሆንበትም?» አለኝ። ደፋር ነው። «በል ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አልኩት። ልቤ ወደ ትውልድ ቀዬዬ፣ ወደ ግራና፣ ሄዶብኝ ነበር።

ያኔ ወልድያ ቤት ተከራይቼ የምማር ጎረምሳ ነኝ። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ማልጄ መርሳ ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩና ጥንቅሽ እየመጠጥኩ በእግሬ ወደ ቤት ገሰገስኩ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር፤ ጉሙ ገና ስላልተነሣ በእንቅልፌ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። የዚያ ጥንቅሽ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ደብተሬ ውስጥ የመጀመሪያ ታሪኬን ይዣለሁ፤ ኩራቴ አይጣል! አንድ ሽማግሌ ሊሞት ሲል፣ በየክረምቱ የአንዲት ጎረቤቱን የድንበር ድንጋይ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ መሬቷን እንደወሰደ ይናዘዛል። «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ እርሻ ስውል ደብተሩን አገኘችና፣ ጸበል ሊረጩ ለመጡት የንስሐ አባታችን «አባ፣ እስቲ ልጄ ምን እንደጻፈ ያንብቡልኝ» አለቻቸው። ስመለስ አባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የአባቴ ኑዛዜ መስሏታል። በእኛ አገር የሚሞት ሰው ቃሉን ፊደል ለሚያውቅ ልጁ ቢሰጥ ምን ያስገርማል?

«እማ፣ ፈጠራ ነው! ከራሴ ነው ያወጣሁት!»

«ነፍሱን አስረህ ልታስቀር ነው? የዘሀራን መሬት እመልሳለሁ!»

ዘሀራ ባሏ የሞተባት ድንበርተኛችን ናት። ስጽፍ ግን ፈጽሞ አላሰብኳትም። በእኔ ወግ ማሳመር የአባቴ ስም ሊጠፋ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባ፣ አንቱ አይደሉ ያናዘዙት? ይንገሯታ!»

አባ ደብተሩን አጥፈው ሰጡኝ። «እኔን አትጠይቀኝ። የጻፍከው አንተ ነህ» አሉኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ተከትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። እናቴ ነገሩን ነግራት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ዘሀራ ትከሻዋን ይዛ አነሣቻት።

«ተይ እንጂ እህቴ! እኛማ ድሮም እናውቀው ነበር። ጎረቤት ነው፣ ለቅሶውም ሰርጉም አብሮን ነው ብለን ተውነው። ወላሂ አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበለው። ለልጅሽ ግን ማን ነገረው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማንም አልነገረኝም። ምናልባት ልጅ ሆኜ ከሞፈሩ ኋላ ስከተለው፣ አባቴ እዚያ ድንበር ጋ ሲደርስ ዘፈኑን ማቋረጡን ልቤ መዝግቦት ይሆናል። እግዜር ይወቅ።

በማግስቱ ድንጋዮቹን እኔው ተሸክሜ ወደ ጥንቱ ቦታቸው መለስኩ። አባቴን ምን ያህል እንደምወደው ያን ቀን አወቅሁ፤ አፈርኩበትም፣ አለቀስኩለትም።

ልብ ወለድ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ዛሬ እኔ ራሴ አባቴ በሞተበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ልጄ ደብተር ይዛ ጥግ ጥጉን ማለት ጀምራለች። ምን እንደምትጽፍ ልጠይቃት እልና እፈራለሁ።